መንገዱን ያዛወርንበት ሳምንት

ትእዛዙ የደረሰን ሰኞ ማለዳ ነው። «ኮረብታው ላይ ያለው አሮጌ ሕንፃ እስከ ዓርብ ይፈርሳል። የምህንድስና ጓዱ ይዘጋጅ።» ሌላ ቃል አልነበረውም።

ቦታው አፍጋኒስታን፣ የካንዳሃር አውራጃ ነው። ከወይኑና ከሐብሐቡ እርሻ በቀር ሁሉም ነገር የአቧራ መልክ ያለው አገር። እኛ የካናዳ ጦር መሐንዲሶች ነበርን፤ ፈንጂ እንለቅማለን፣ መንገድ እንጠርጋለን፣ ሲታዘዝም እናፈርሳለን። እኔ መስፍን እባላለሁ፤ ጓዶቼ አሳጥረው «መስ» ነበር የሚሉኝ። ያደግሁት ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ውስጥ ነው። እናቴ በስፖንሰር ስታመጣኝ ገና ጢም አላበቀልኩም ነበር። ሃይስኩል እንደጨረስኩ ወታደር ቤት ገባሁ፤ ለምን እንደገባሁ እሷ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ይህን የምጽፈው ስካርቦሮ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሚማሩት ልጆች ነው። በቅርቡ አንዷ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ዋር ላይ ሰው ገድለሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ አፈሩ። እኔ ግን ጥያቄዋን አልጠላሁትም። ጦር ሜዳ ማለት መተኮስ ብቻ እንዳይመስላቸው፣ አንድ ሳምንት መርጬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሳምንቱ ይኸው።

ሕንፃው የድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ ነው። የፋርስ ነገሥታት ያንን አገር ሲገዙ በጡብ ያሠሩት። መካከሉ ሰፊ ግቢ፣ ዙሪያውን በራቸው ቅስት የሆነ ክፍሎች፣ ከመግቢያው በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጉልላት። ክፍሎቹ ግማሾቹ ፈርሰዋል፤ ጉልላቱ ግን እንደቆመ ነው። ከሥሩ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የእኛ መንገድ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ በጋ ሁለት ጊዜ ከዚያ ተተኩሶብናል። በሁለተኛው ብረት ለበሳችን ተቃጠለ፤ ሾፌሩ እግሩን አጣ። ስለዚህ ትእዛዙን ስሰማ አላዘንኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

የጓዱ መሪ ሳጅን ኮልማን ነበር። ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ፣ እሱ ስካርቦሮ የተወለደ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነው፤ ዝም ካለ ደግሞ መጠንቀቅ ነበር። አስተርጓሚያችን ፋርሃድ ይባላል። ሄራት ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኖርዝ ዮርክ መጣ። ፋርስኛም ፓሽቶም ይናገራል። ከእኛ ጋር ሲሆን ግን የሚያወራው ስለ ሆኪ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ሲነጋጋ ወደ ኮረብታው ወጣን። በመመርመሪያ እየፈተሽን፣ አንዱ የሌላውን ዱካ እየረገጠ። መግቢያውንና ግቢውን አጸዳን። እኔ ጠመኔ ይዤ ድማሚት የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ፋርሃድ ከጉልላቱ ሥር አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ቀረ።

«መስ፣ ና እይ» አለኝ። «ይሄን የዘጉት አንድ እንጨት ሳይደግፉበት ነው። ጡቡ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ነው እስከ ላይ የወጣው።»

«ቆንጆ ነው» አልኩት፤ ጠመኔዬን ግን አላስቀመጥኩም።

«አባቴ ሄራት ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው እንዲህ ያለውን ሲጠግን ነው። አሁን ኮንዶ ውስጥ የጂፕሰም ድራይዎል ይለጥፋል።»

ኮልማን ከኋላችን ነበር። «ፋርሃድ፣ ካላፈረስነው በሚቀጥለው ሳምንት የሚቃጠለው የእኛ መኪና ነው።»

«አውቃለሁ። አታፍርሰው አላልኩህም። የምታፈርሰውን እወቀው ነው ያልኩህ።»

ኮልማን ቀና ብሎ ጉልላቱን አየ።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ከነልጃቸው ሽቅብ ወጡ። ሐጂ ሙራድ ይባላሉ፤ ከኮረብታው ሥር ሐብሐብ ያርሳሉ። ልጃቸው ናስር ግንበኛ ነው። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመኔ አይተው ነገሩ ገባቸው።

«እነዚያ መጥተው ከውስጡ ይተኩሳሉ» አሉ በፋርሃድ አፍ። «እናንተ መጥታችሁ ታፈርሱታላችሁ። እኛን የጠየቀን የለም።»

ነገሩ ከበደኝና ለማቅለል ያህል «የሕንፃው ጥፋት መንገዱን ማየቱ ነው። መንገዱን ብናዛውረውስ?» አልኩ። ቀልዴን ነበር። ኮልማን ግን አልሳቀም። ወደ ጫፉ ሄዶ ሸለቆውን አየ። ከመንገዳችን ወዲያ ዝቅ ያለ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ጀርባ ደግሞ ደረቅ ወንዝ። ከጉልላቱ ሆኖ ወንዙን ማየት አይቻልም።

«ሐጂን ጠይቃቸው። ያ ወንዝ ይሞላል?»

«አባቴ ከሞቱ ወዲህ ሞልቶ አያውቅም» አሉ።

ኮልማን ሬዲዮ አነሳ። ከሻምበል አዛዡ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያስበው ስለ ሾፌሮቹ ነው። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «እስከ ዓርብ ምሽት መንገዱ ከተከፈተ፣ ወደ መንገዱ የሚያዩት ቀዳዳዎችም ከተደፈኑ፣ ሕንፃው ይተርፋል። ካልሆነ ይፈርሳል።»

ሥራው የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ተጀመረ። ግማሾቻችን ከዶዘሩ ጋር ወንዙ ውስጥ ገባን፤ ፈንጂ እየለቀምን፣ ድንጋይ እየገፋን። ግማሾቻችን ከናስርና ከመንደሩ ሰዎች ጋር የሕንፃውን መስኮቶች በጡብ መድፈን ያዝን። ከሰፈራችን ሲሚንቶ አስመጥተን ነበር። ፋርሃድ በሳተላይት ስልክ አባቱን ኮል አድርጎ ምክር ጠየቀ። የአባቱ የኡስታድ ከሪም ጩኸት ከቶሮንቶ ተነስቶ ለሁላችንም ተሰማን።

«ሲሚንቶ እንዳታስነኩት! ሲሚንቶ የድሮ ጡብ ይበላል! ጭቃ በጭድ አቡኩ፣ ይደርላችሁ፣ ከዚያ ለጥፉ!»

ይህንንስ እኔም አውቀዋለሁ። የእናቴ ቤተሰቦች ቤት የተመረገው በጭድ ጭቃ ነው። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁና መርገጥ ጀመርኩ። ናስር እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ እሱም ገባ። ቋንቋ አልነበረንም። እሱ «ጠንከር» ሲለኝ በእጁ፣ እኔ «ጭድ ጨምር» ስለው በእግሬ ነበር።

ኮልማን አልፎ ሲሄድ አየንና «የካናዳ መንግሥት የሚከፍልህ ለዚህ ነው?» አለኝ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከወይኑ እርሻ ተኩስ ተከፈተብን። መጀመሪያ መትረየስ። ቀጥሎ አርፒጂ። የመንደሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተጋደሙ። እኛ ገና ባልተደፈነው መስኮት አጸፋ ሰጠን። ናስር መወጣጫው ላይ ነበር፤ ተመታና ወደ ውስጥ፣ ወደ መጨረሻው ክፍል ወደቀ። ያ ክፍል አልተፈተሸም። ይጣራል። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን ይጣራል።

ኮልማን ተነሳ። «ሳጅን፣ አልተፈተሸም!» አልኩ። ሰምቶኛል። በግድግዳው ጥግ ጥግ ሮጦ ደረሰበት፤ ከትከሻው ይዞ እየጎተተ እስከ በሩ አመጣው። ፈንጂው በሩ ሥር ነበር።

አቧራው ሲረጋ ተንፏቅቄ ቀረብኩ። «አትግቡ» አለኝ። «አንተም ተመለስ። በወጉ ፈትሽ።» እንዳለኝ አደረግሁ። መሬቱን በቀጭን ዘንግ እየወጋሁ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ደረስኩበት። ኮልማን ሄሊኮፕተሩ ሳይደርስ አረፈ። ናስር ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቱ እጅ ላይ ሞተ። ተኩሱ ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አዛዡ ራሱ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ፊታችን ቆመ። «መንገዱ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል» አለ። «ነገር ግን ይሄን ቤት ዛሬ ማፍረስ እንፈልጋለን ካላችሁ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁ አይኖርም። ውሳኔው የእናንተ ነው።»

ድማሚቱ መኪናው ላይ ነው። የጠመኔው ምልክት ግድግዳው ላይ ነው። እኔ በዚያች ሰዓት ለዚያ ጉልላት ምንም ፍቅር አልነበረኝም። ፋርሃድም መሬት መሬት ያያል።

ሐጂ ሙራድ ልጃቸውን ቀብረው መጡ። የናስርን የግንበኛ ዕቃ ከወደቀበት አነሱ፣ በልብሳቸው ጠረጉ፣ ወደ መጨረሻው መስኮት ሄደው አንድ ጡብ አስቀመጡ። ጭቃ ፈልገው ዞር አሉ። የጭቃው ማሰሮ ከእኔ አጠገብ ነበር። ተነሳሁና አቀበልኳቸው። ከዚያ ሌላው ጡብ አቀበለ። ከዚያ ሁላችንም ተነሳን። አዛዡ ትንሽ ቆሞ አየንና እሱም እጅጌውን ሰበሰበ።

ምሽት ላይ የመጀመሪያው መኪና በወንዙ አለፈ። እኛ እዚያ እስከቆየን ድረስ ከዚያ ኮረብታ ዳግመኛ አልተተኮሰብንም።

ቶሮንቶ ስንመለስ የኮልማን እናት በቀብሩ ላይ እጄን ይዘው «ልጄ የሞተው ለጡብ ነው?» አሉኝ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሲናገሩም እንደ ልጃቸው ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲህ ስካርቦሮ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ በረዶ እጠርግላቸዋለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን። ጥያቄውን ግን ሁለታችንም አላነሳነውም።

አሁን ደግሞ ጦርነት ኢራን ገባ። ፋርሃድ ኮል አደረገልኝ። «ኢስፋሃንና ያዝድ ያሉ የአባቴ ወዳጆች የሚጠብቋቸው የድሮ ሕንፃዎች መስኮት እየረገፈ ነው። የፍንዳታ ነገር የምታውቀው አንተ ነህ፤ እባክህ ና።» ኖርዝ ዮርክ አንድ ላይብረሪ ክፍል ሰጣቸውና እሑድ እሑድ መገናኘት ጀመርን። የኢራን ልጆች፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣ አሁን ከዘራ የያዙት ኡስታድ ከሪም፣ እኔ። እዚያ ካሉት ጠባቂዎች ጋር በቪዲዮ እንነጋገራለን። ባለቀለሙን መስታወት ከነፍሬሙ አውጥታችሁ ምድር ቤት አስቀምጡ እንላለን። የአሸዋ ከረጢት ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቁ፣ ካስጠጋችሁት እርጥበቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሸክላ ያነሳዋል። ሳይረን ሲጮህ ግን ሁሉን ትታችሁ ውረዱ። ይህን የመጨረሻውን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምናገረው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ባዶ የመስኮት ክፈፍ አሳየችን፤ መስታወቱ ከዋዜማው ወጥቶ ስለነበር ፍንዳታው ያገኘው ነፋስ ብቻ ነው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

የኮልማን እናት ይህን ሲሰሙ «እኔንም ውሰደኝ» አሉ። ወሰድኳቸው። ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩ። ሲያልቅ ፋርሃድ ስልኩን ይዞ አጠገባቸው ተንበረከከ። «አንድ ሰው ላገናኝዎት? እምቢ ማለት ይችላሉ።» እሺ አሉ። ሐጂ ሙራድ በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ብቅ አሉ፤ ጥርሳቸው አልቋል። ከኋላቸው የጡብ ቅስት ይታያል፣ ከሥሩ የሐብሐብ ክምር፣ ጥላው ውስጥ የተጋደሙ ነጋዴዎች።

ሁለቱ ተያዩ።

«ልጅሽ ልጄን ብቻውን እንዲሞት አልተወውም» አሉ ሐጂ። «እኔ እጅ ላይ ነው የሞተው። ይህን ልነግርሽ ስፈልግ ኖሬአለሁ።»

እናትየው ፋርሃድ ተርጉሞ እስኪጨርስ ጠበቁ። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «የልጅዎ ስም ማን ነበር?» አሉ።

«ናስር።»

«ናስር» አሉ፤ ደግመው «ናስር»። ከዚያ ስለ ሐብሐቡ ጠየቁ፤ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ፣ ዋጋ እንዳወጣ። ሽማግሌው ሞቅ ብሏቸው አወሩ። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ «በሚቀጥለው እሑድም እመጣለሁ» አሉኝ። መጡም። አሁን አንድም እሑድ አይቀሩም።

በዚያ ሳምንት ከእኛ አንድ ሞተ፤ ሳጅን ኮልማን። ከመንደሩ አንድ፤ ናስር የሐጂ ሙራድ ልጅ። ከወይኑ እርሻ ውስጥ ሦስት አስከሬን አግኝተናል፤ ስማቸውን የነገረን የለም፤ እነሱም ግን እናት አላቸው። ድንጋይና ጡብ ከሰው ይበልጣል ብዬ አላስተምርም፤ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱን እንኳ መመለስ ቢቻል ጉልላቱን በገዛ እጄ አፈርሰው ነበር። ግን እንዲህ ያለ ልውውጥ ማንም አላቀረበልንም። ጦርነቱ የወሰደውን ወሰደ። በእጃችን የነበረው፣ ያልወሰደውን ጨምረን አለመስጠት ብቻ ነው። ያንን አደረግን።