አጎቴ የቆረጠው ሶኬት

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የአንዱ ባልደረባችን ቻርጀር ሲቃጠል ያ ጉሮሮ የሚያንቅ የሽቦና የፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እናንተ መስኮት ከፍታችሁ፣ ስቃችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሳችሁ። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። አንተ ተከትለኸኝ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ አልመለስኩልህም፤ ንዴት አፌን ይዞት ነበር። ዛሬ ልንገርህ።

ነገሩ የሆነው ደባርቅ ነው። መብራት ወደ ሰፈራችን ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የድጓ መምህር ነበር። በዚያ ዓመት ድምፁ ከዳው። ጉሮሮውን አንድ ነገር ይዞት ጎንደር ታክሞ ቢመለስም፣ ከሳምንት ሳምንት እየሻከረ ሄደ። ደረስጌ ተቀምጦ ከመምህሩ የተቀበለው አንድ የጾመ ድጓ ዜማ ነበረው። ምልክቱ ብራናው ላይ አለ፤ እሱ ቃሉን የሚያነሳበትና የሚጥልበት መንገድ ግን ብራና ላይ አይጻፍም። «ከእኔ በኋላ እንዲህ አድርጎ የሚለው የለም» ይል ነበር፣ እያዘነ እንጂ እየኮራ አልነበረም።

ካናዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ የገዛ ቤቷን ቴፕ ከመደርደሪያዋ አንስታ በሰው ላከችልን። ትልቅ፣ ማይክ ያለው፣ ባትሪ የማይወስድ ቴፕ ነው። አብረውት ባዶ ካሴቶች፣ ጡብ የሚያክል ጥቁር ብረትና ደብዳቤ ነበሩ።

ሳጥኑን የከፈተው አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ጎንደር ነው የሚኖረው። የቤታችንን ሽቦ የዘረጋው እሱ ስለሆነ በመብራት ነገር ከእሱ ወዲያ አዋቂ የለም። እውነቱን ለመናገር እወደው ነበር። ዘመድ አዝማዱ ልጅቱ ትዳር ትያዝ ሲል «እኔ ቤት ሆና ጎንደር ትማር» ብሎ አፋቸውን ያስያዘልኝ እሱ ነው። መስከረም ላይ ቤቱ ልገባ ነበር። ይህን እንዳትረሳ።

የቴፑ ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ የእኛ ግድግዳ ቀዳዳ ክብ ነው። አጎቴ ሁለት ጊዜ ሞከረና ፒንሳውን አውጥቶ ሶኬቱን ቀጭ አደረገው። ሽቦውን በጥርሱ ልጦ የአገራችንን ክብ ሶኬት ገጠመለት፤ በፕላስተር ጠቀለለና «አለቀ» አለ። አባቴ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ደብዳቤውን ከሳጥኑ ሥር አግኝቼ እያነበብኩ ነው። እህቴ ሦስተኛው መስመር ላይ ከሥሩ አስምራ እንዲህ ጽፋለች፦ «የዚህ አገር መብራት ጉልበቱ የእናንተን ግማሽ ነው። ቴፑን ጥቁሩ ብረት ላይ፣ ብረቱን ግድግዳው ላይ ሰኩት። ያለ ብረቱ ይቃጠላል።»

ለአጎቴ አሳየሁት። አነበበና አዲሱን ሶኬት ወደ ብረቱ አስጠጋ። የብረቱ የራሱ ሶኬት ለእኛ ግድግዳ ክብ ነው፤ ቀዳዳው ግን የተሠራው ለቴፑ ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ አዲሱ ክብ ሶኬት እንዴት ይግባ? ጆሮው ሲቀላ አየሁ። የቆረጠው ሶኬት እግሩ ሥር ወድቋል። መልሶ ለመቀጠል አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ አሥር ደቂቃ! ግን ደጅ ላይ የአባቴ መቋሚያ ተሰማ፤ ተማሪዎቹም ተከትለውታል።

«ይኼ ብረት ለእነሱ አገር ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በይ ዝም በይ አንቺ።»

ደብዳቤውን አጥፌ ያዝኩ።

አባቴ የክት ነጠላውን ለብሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከሊማሊሞ የሚመጣው ብርድ እንዳያስለው በሩ ተዘጋ፤ በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ተማሪዎቹ ማይኩን አፉ ዘንድ ያዙለት። አጎቴ ሰካ። ቴፑ እንደ ንብ እምም አለ፤ ከዚያ ጠሽ ብሎ ከጀርባው ነጭ ጭስ ተነሳ።

«ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

አጎቴ ሽቦውን ነቅሎ ላቡን ጠረገ። «የኔታ፣ እኔስ ሁሉን በደንቡ ነው ያደረግሁት። ምናልባት ዜማው ለብረት መሰጠቱን ሰማይ አልወደደው ይሆናል።»

እስቲ ስማው! ፒንሳውን ሰማይ ያወረደው ይመስል! አንዱ ተማሪ ግን አማተበ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ የእጅ ጽሑፍ መለየት ትቶ ነበር። «ልጄ፣ እህትሽ ስለ አጠቃቀሙ የጻፈችው የለም? እስቲ አንብቢልኝ።»

ሰላምታውን አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። አጎቴ ያየኛል። አልተቆጣም፣ አልለመነኝምም፤ እኔ ግን የመስከረሙ ትምህርቴ ትዝ አለኝ። ወደ አራተኛው መስመር አለፍኩ፦ «አባዬ፣ ልጆቼ አያታቸውን አያውቁም፤ ድምፅህን ቤቴ ውስጥ ይስሙልኝ።»

«እንግዲህ አልተፈቀደማ» አለ አባቴ። ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ።

ቢያንስ በዚያ ቢያበቃ! ከወር በኋላ ተማሪዎቹ ከአንድ የዳባት ነጋዴ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ለምነው አመጡለት። «አንዴ ተነግሮኛል፣ አልደፍርም» ብሎ መለሳቸው። እህቴ ስልክ ቤት አስጠርታው አለቀሰችበት፤ እሷንም ይህንኑ አላት። እኔ ጎንደር ገባሁ፣ ተማርኩ። አጎቴ ለእንግዶቹ ታሪኩን እያሳመረ ይነግራል፤ በኋላማ ከሰማይ እሳት ወርዶ ነበር ተባለ። እነሱ «ወይ ግሩም!» ሲሉ እኔ እጁን አስታጥበዋለሁ። አስታጥበው ነበር እልሃለሁ! የአባቴ ድምፅ በዓመቱ ጨርሶ ጠፋ፤ በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም እሱም አረፈ።

እህቴ ለሙት ዓመቱ መጣች። ጠዋት አጥሩ ጥግ ቆመን ሁሉንም ነገርኳት።

«ብታነቢለትም እኮ ቴፑ ተቃጥሎ ነበር» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ።

«ስለ ቴፑ ማን አወራ! ስህተቱ የሰው መሆኑን ቢያውቅ ሌላውን ይቀበል ነበር!» ብዬ ጮህኩባት። በእሷ ላይ ምን እንዳስጮኸኝ እንጃ።

ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። ከዚያ «ዜማውን ከሰማሁት አሥራ ሁለት ዓመቴ» አለች። «አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። እስቲ እንዴት እንደሚጀምር በይልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ለሴት ልጅ ያስተማረ የለም፤ ዜማው አልመጣልኝም። የመጣልኝ ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግበት ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ አጠር፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ። እንደዚያ አደረግሁላት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩላት።