የንግሥት እሌኒ ጎረቤት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ማህሌት ከስቶክሆልም ደወለችልኝ። ለትምህርት ከሄደች ገና አንድ ወሯ ነው። ድምፅዋ ጉንፋን ይሁን ለቅሶ አልለይልኝ አለ። «አክስቴ፣ እዚህ አገር ለደሃ የተሠራ ቤት የለም» አለችኝ። የምትተኛው ስምንት ሰው በሚያድርበት የእንግዳ ማረፊያ፣ ከተደራረበ አልጋ ላይኛው ላይ ነው። እሱም ቢሆን እስከ እሑድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ተይዟል። ለኪራይ ቤት ወረፋ ልትመዘገብ ብትሄድ፣ ተራው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚደርስ በፈገግታ ነገሯት። የአንዲት ክፍል ኪራይ ስንት እንደሆነ ስትነግረኝ እኔ ሮም ተቀምጬ ደነገጥኩ።

«አይዞሽ» አልኳት። ከዚህ ቃል ሌላ በስልክ የሚላክ ነገር አልነበረኝም። ዓይኔ ግን ከመስኮቴ ውጭ ባሉት ትልልቅ የድንጋይ ቅስቶች ላይ ነበር። መስከረም ላይ ፀሐይ ዘንበል ስትል ቀለማቸው ማር ይመስላል። ሠላሳ ዓመት አይቻቸው ዛሬም ሥራ ያስፈቱኛል።

«ቆይ፣ አትዝጊ» አልኳት። «ይህን ቤት እንዴት እንዳገኘሁት አጫውቼሽ አላውቅም።»

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፕራቲ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ከአልጋ የማይነሱ አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ አምስት ዓመት ኖሬ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ እኛ ሐበሾች በጣልያንኛው «ፊሳ» እንለዋለን፤ እዚያው እየሠሩ እዚያው ማደር ማለት ነው። ኪራይ የሚባል ሐሳብ የለበትም። ጉዱ የሚታየው የቤቱ ባለቤት የሞቱ ዕለት ነው፤ ሥራውና አልጋው አብረው ይቀበራሉ። የእኔዋም ሲኞራ ጳጉሜን ላይ ዐረፉ። ልጆቻቸው ክፉዎች አልነበሩም። አብረውኝ አለቀሱ፣ የእናታቸውን የሱፍ ካፖርት ሰጡኝ፣ ከዚያም ቤቱ ስለሚሸጥ እስከ መስከረም ሃያ እንድለቅ በትሕትና ነገሩኝ።

ሥራስ ቶሎ አገኘሁ፤ ቢሮ ማጽዳት። ጭንቀቴ የመኖሪያ ፈቃዴ ነበር። ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፤ ለማሳደስ የተሰጠኝ ቀጠሮ በዚያው በመስከረም መጨረሻ ነው። አማርኛውን አስመራ ትምህርት ቤት የተማረች ለተብርሃን የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ የሕንጻ ደረጃ እያጸዳች የምትኖር፣ ከእኔ በፊት የመጣችና ሁሉን የምታውቅ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ስሚ፣ ካዛ፣ ቤቱ ብቻ አይደለም የሚያስፈልግሽ» አለችኝ። «የቤቱ ባለቤት ኦስፒታሊታ መፈረም አለበት። ይቺ ልጅ እኔ ቤት ነው የምትኖረው የሚል ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ ፔርሜሶሽን አያድሱልሽም። አሎራ፣ እንግዲህ አልጋ ሳይሆን ፈራሚ ነው የምትፈልጊው፤ ገባሽ?»

ገባኝ። ፈቃዱ ካልታደሰ የቢሮው ሥራም የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ለእናቴ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ያኔ ሮም ላይ ርካሽ ቤት የሚፈለገው ከመብራት ምሰሶ ላይ ነበር። ማስታወቂያው በእጅ ይጻፍና ታችኛው ጠርዙ እንደ ነጠላ ዘርፍ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ቁራጩን ገንጥዬ ስደውል ይወዱኛል፤ ጣልያንኛዬን የተማርኩት ከድሮ ሰው ስለሆነ እንደ ሽማግሌ ነበር የምናገረው። በሩ ላይ መልኬን ሲያዩ ክፍሉ «አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት» ተይዟል። ተሳላሚዎችን በርካሽ የሚያሳድሩ መነኮሳት ዘንድ ሄድኩ፤ ጽዳቱ ያስቀናል፣ ግን እስከ ገና ሞልቷል። ፒኜቶ የሚባል ሰፈር አንድ ሰውዬ ደረጃ ሥር ያለች መስኮት የሌላት ክፍል አሳየኝ። ለእሷም እሺ ብዬ ስለ ወረቀቱ ሳነሳበት ሳቀብኝ። «ፊርማ ከፈለግሽ ሆቴል ሂጂ» አለኝ።

በመጨረሻ ጓደኛዬ ለተብርሃን ደወለችልኝ። ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር ደረጃውን የምታጸዳው ሕንጻ ላይ ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ልጃቸው አግብቶ ስለወጣ ክፍሉን ሊያከራዩ ነው። ማስታወቂያውን ምሰሶ ላይ ሳይለጥፉት ድረሽ አለችኝ።

ዕለቱ ረቡዕ፣ የመስቀል ዋዜማ፣ ደመራ ነበር። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ አጠገብ ትንሿን ባቡር ተሳፈርኩ፤ ባቡር ከምትባል ሚኒባስ ብትባል ይቀላታል፣ እየተንገጫገጨች በመኪኖቹ መሀል ትሄዳለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተማዋን ያየሁት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበርና ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል ርቄ አላውቅም። ስወርድ ራበኝ። ጾም ስለሆነ ከዳቦ ቤት በዘይት የተጋገረ ነጭ ፒዛ ገዛሁ፤ ሻጯ መሀሉን ሰንጥቃ ሁለት የበሰለ በለስ ውስጡ ጨፈለቀችልኝ። ያንን እየበላሁ አንዱን ጥግ ስታጠፍ ቆምኩ። ከመኪና ጎማ መጠገኛውና ከሥጋ ቤቱ በላይ፣ ከፎቆቹ እኩል የሚቆም የጥንት ቅስት ሰፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ሥሩ ኳስ ይጫወታሉ። ከፊት ለፊቱ አንሶላ ታጥቦ ተሰጥቷል። የበለስ ዛፍ ከድንጋዩ መሀል በቅሏል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቲኬት ተቆርጦ የሚታይ ይመስለኝ ነበር፤ አፌን ከፍቼ፣ በለሱ በእጄ ላይ እየፈሰሰ ቆምኩ።

የሲኞራ ኢዳ ቤት ደግሞ መስኮቱ በቀጥታ ቅስቱ ላይ ነው። እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል።

«ይህ ቅስት ለንጉሦቹ መታጠቢያ ውሃ ያመላልስ ነበር» አሉኝ፤ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። «አሁን ድመት ነው የሚያመላልሰው።»

ክፍሏ ንጹሕ ናት። ኪራዩን ሲነግሩኝ ተሳስተው መሰለኝ፤ ደግመው ነገሩኝ፣ ያው ነው። ደመወዝ እስክትቀበዪ እጠብቃለሁ አሉ። ስለ ኦስፒታሊታው ለተብርሃን ነግራቸው ኖሮ፣ «ሰኞ አብረን ሄደን እፈርማለሁ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«ትፈልጊያታለሽ?»

እንግዲህ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ሰው ይህን ያህል ሲቸርህ በአንድ ጊዜ እሺ ማለት ስስት ነው፤ እናቴ ብትሰማ ታፍርብኛለች። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አይ ሲኞራ፣ እርስዎንማ አላስቸግርም» አልኩ። ይህን ብዬ «ኧረ በሞቴ!» እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

«ቫ ቤኔ» አሉ። እሺ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። እስከ በሩ ሸኙኝ፣ መልካም ዕድል ተመኙልኝ፣ ዘጉ። ቁልፉ ከውስጥ ሁለቴ ዞረ።

አምስት ዓመት ጣልያን አገር ኖረሽ ይህን አታውቂም ወይ የሚለኝ ይኖራል። እኔ የኖርኩት በአንዲት አሮጊት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ በሩ እስኪከፈት ጠበቅሁ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁን ይጠሩኛል። መብራቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። አብርቼው እንደገና ጠበቅሁ። ሁለተኛም ሲጠፋ ወረድኩ።

ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ዋናውን መንገድ ተሻገርኩ። በራሴ ተናድጄ፣ በሴትዮዋም ጭምር ተናድጄ ነበር፤ እንዴት አንዴ እንኳ አይለምኑም? ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የአትክልት ግቢ አየሁና ገባሁ። እዚያ ግማሹ የተናደ፣ ክብ የሆነ ግዙፍ ግንብ ቆሟል። በፈረሰው ግድግዳ ውስጥ ክብ ክብ ሸክላ ይታያል። አንድ ሽማግሌ አበባ ያጠጣሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መቃብር ነው። ያ የምታይው ማሰሮ ነው፤ ጣሪያው እንዳይከብድ ግንቡ ውስጥ ከተውት። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፤ የማሰሮዎቹ ግንብ።»

«የማን መቃብር?»

«የኤሌና» አሉ ውሃውን ሳያቆሙ። «የንጉሥ ኮስታንቲኖ እናት። መስቀሉን ያገኘችው።»

ንግሥት እሌኒ! የቆስጠንጢኖስ እናት! ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ቄስ በየዓመቱ የሚተርኩልን፣ ደመራ በተለኮሰ ቁጥር ስሟ የሚጠራው። እሷ ለእኔ አገር አልነበራትም፤ የምትኖረው በደመራው ጭስ ውስጥ ነበር። መቃብር ይኖራታል ብዬ፣ እሱም ከጎማ መጠገኛ ማዶ፣ እንደኔ ያለው ስደተኛ ርካሽ አልጋ የሚፈልግበት ሰፈር ውስጥ ይሆናል ብዬ ማን ያስባል? ያውም በዚህ ቀን። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ደመራውን ሊለኩሱ ሕዝቡ ተሰብስቧል። መሬቱን በእጄ ነካሁና ተሳለምኩ። ሽማግሌው ውሃቸውን አቆሙ።

«ውስጥ አለች?» አልኳቸው።

«የለችም፣ ልጄ። የሬሳ ሣጥኗን ቫቲካን ከወሰዱት ቆይቷል። ባዶ ነው።»

የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። የቄሳችን ትረካ እንዳለ መጣልኝ፤ ንግሥቲቱ ከሩቅ አገር መጥታ፣ የማታውቃቸውን ሰዎች መስቀሉ የት እንዳለ ስትጠይቅ፣ ሲደብቋት፣ ደግማ ስትጠይቅ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰማሁት ስለ ጭሱ ነበር። መጠየቋን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ንግሥት ሆና ሳለ፣ በሰው አገር ደጅ ቆማ፣ የምፈልገው ይህ ነው ብላለች። እኔ ማን ነኝና ነው አፍሬ የምቀረው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይል የለ ያገሬ ሰው?

ተነሥቼ ተመለስኩ። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ልክ በሩ ጋ ስደርስ ሲኞራ ኢዳ ሊወጡ ከፍተውታል። የቲማቲም ድልህ ለክረምት በጠርሙስ እየሞሉ ኖሮ ጣቶቻቸው ቀልተዋል፤ በአንድ እጃቸው ፕላስተር፣ በሌላው ጠርዙ የተቆራረጠ ማስታወቂያ ይዘዋል።

«ሲኞራ፣ ቅድም ዋሽቼ ነው» አልኳቸው፤ ትንፋሼ አልተመለሰም። «ክፍሏን እፈልጋታለሁ። በጣም እፈልጋታለሁ። ሌላ መግቢያ የለኝም።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። «ታዲያ ለምን አልፈልግም አልሽ?»

«በእኛ አገር መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ስንት ጊዜ?»

አስቤ አላውቅም ነበር። «ሁለቴ» አልኩ። «ትልቅ ነገር ከሆነ ሦስቴ።»

ሲኞራ ኢዳ ማስታወቂያውን አጣጥፈው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት፣ ፕላስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ ወደ በሩ ተመልሰው እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አሎራ፣ ይህ ሁለተኛው ነው። ትፈልጊያታለሽ?»

አምላክ ምስክሬ ነው፣ አፌ ልማዱ ሆኖ «አይ» ሊል ነበር። ነከስኩት። አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ። ሦስተኛውን አልጠየቁኝም። የቲማቲም ማንኪያ ሰጡኝና፣ «በይ እንግዲያው፣ ጠርሙሶቹ ይጠብቁናል» አሉ።

ሰኞ ፈረሙልኝ። ፔርሜሶዬ ታደሰ። እስኪያርፉ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን፤ ማዕድ በቀረበ ቁጥር በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስቴ «ብዪ» ይሉኝ ነበር፤ በአንደኛው ብበላ እንኳ ሦስቱን ሳይጨርሱ አያቆሙም። ልጃቸው ቤቱን በዚያው በድሮው ኪራይ አቆየልኝ። በየዓመቱ የደመራ ዕለት መንገዱን እሻገርና እዚያ ግንብ ሥር ጥቂት እቆማለሁ። ሮም ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አላት ይባላል። እኔን ግን የሚደንቀኝ ንግሥቲቱን ያሳረፈችበት ቦታ ነው፤ ከእኛው መሀል።

ይህን ሁሉ ለማህሌት ተረኩላት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ማህሌት? አለሽ?»

«አለሁ» አለች በቀጭን ድምፅ። «አክስቴ፣ ባለፈው ሰኞ እኮ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ... ልጆቼ ወጥተዋል፣ አንድ ክፍል ባዶ አለኝ፣ መጥተሽ እዪው አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አላስቸግርሽም አልኳት።»

«እሷስ?»

«ኦኬ ብላ ሄደች። እኔማ ከልቧ አይደለም ብዬ...»

ልስቅም ላለቅስም ዳዳኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣችንን ገልብጠው ይፈትሻሉ፤ ይሉኝታን ግን የሚይዝ ማሽን የለም። እሷ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በስልኳ ዓለምን ስትዞር ያደገች ልጅ ናት፤ ቢሆንም ያው የእኔው ዕቃ አብሯት ሄዷል። ክፉ ዕቃ ነው ብዬ አልጣለውም። በቦታው ያምራል። ግን ከወዲያ ያለው ሰው «በሞቴ» ማለት ካላወቀ፣ ደጅ ላይ ያስቀራል።

«ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አልኳት።

«አሥራ አንድ።»

«አሁንስ?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«እንግዲያው ጫማሽን አድርጊ።»

ስልኩን አልዘጋችውም። በር ሲከፈት፣ ከዚያም ደረጃ ስትወርድ ሰማኋት፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ግን እየሮጠች።