ያልታረመችው መስመር

እንድሪያስ የሁሉንም ሰው ስህተት ሲያርም ኖሮ ያችን አንዲት መስመር ለምን አለፋት? ከሱቁ ጀርባ፣ ሳል በሚያሳልፍ ስስ ግድግዳ ማዶ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም።

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ለደንበኞቹ የሚጭነው ሊኑክስን ነው፤ ፈቃድ የማይገዛበት፣ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት። መመሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነባቸው፣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የጋራ መዝገብ ከፈተ። በዋይፋዩ ክልል ያለ ሰው ያለ ኢንተርኔት ያነባል፣ የሚያውቀውንም በአማርኛ ይጨምራል፦ ፕሪንተር እንዴት እንደሚያያዝ፣ መብራት ሲቋረጥ የሞተ ማሽን እንዴት እንደሚነሳ። በአራት ዓመት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሞላ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ጽፈውበታል። እኔም የማነበው መጽሐፍ ሲያልቅብኝ እሱን አነብ ነበር።

የዲስክ ቅጂ እንዴት እንደሚወሰድ የጻፉት ጋሽ በርናባስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር፣ እንድሪያስንም ያስተማሩ። በትእዛዙ መስመር ላይ ሁለቱ ዲስኮች ቦታ ተለዋውጠዋል። እንዳለ የተከተለ ሰው ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ይጽፍበታል። ይህን ያየ ሁሉ ከሥሩ «እናመሰግናለን ጋሼ» ብሎ ያልፋል፤ ለሚጠይቀው ደግሞ ትክክሉን በጆሮው ይነግረዋል። እኔም አይቼ አልፌያለሁ። ሰው ሁሉ በአደባባይ በሚከራከርባት በኦቾሎ መንደር ያደገው እንድሪያስ «ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ ታላቅ ሰው ናቸው» እንዳለ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሐሙስ ዕለት መዝገቡ ያለበት ኮምፒዩተር መንቋቋት ጀመረ። ፌቨን፣ ከእንግሊዝኛው አብዛኛውን የተረጎመችው የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ዲስኩ ሳይሞት ቅጂ ልትወስድ መጣች። እንድሪያስ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። የጋሽ በርናባስን ገጽ ከፈተች፣ የምስጋናውን ብዛት አየች፣ ትእዛዙን ጻፈች።

ሲመለስ መዝገቡ የለም።

«ፊደል በፊደል ነው የጻፍኩት፣ እንድሬ!»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ገጹ ስህተት እንደሆነ።»

«ሃያ ሰው አመስግኖበታል እኮ» አለችና ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።

ሐሙስንና አርብን ከዲስኩ ጋር ሲታገል ዋለ፣ አደረ። ያገኘው የተቆራረጡ ፊደላት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ በርናባስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ገቡ።

«አይዞህ፣ የእኔ ተርፏል! ልጆቼ ፊት ልኩራበት ብዬ አሳትሜው ነበር። የሊቅ ጽሑፍ እንዲህ በዋዛ አይሞትም!»

«ጋሼ... ይቺ መስመር ተሳስታለች። መዝገቡን ያጠፋችው እሷ ናት።»

ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥተው መስመሯን በጣታቸው ተከተሉ።

«መቼ አወቅህ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው? ሽማግሌ በተሰበሰበበት በዱቡሻ አደባባይ እንኳ ልጅ ተነስቶ ‹አባቴ፣ ይህ ልክ አይደለም› ይላል! ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ቀድመህ እጅ የምታወጣው አንተ አልነበርክ?»

ሽማግሌው መስመሯን በእስክሪብቶ አርመው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። አሁን ትክክል ነበረች። የሚቀዳ ነገር ግን አልቀረም።

እንድሪያስ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ደንበኞች አንኳኩተው አንኳኩተው ሄዱ። ኮምፒዩተሩን አጠፋው፤ ከሐሙስ ወዲህ ያልቆመው ማራገቢያ ቆመ። ተስፋ ቆርጦ በረዥሙ ሲተነፍስ በግድግዳው ማዶ የሰማሁት፣ ውጭ ገበያው ሲደራ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።