ሁሉም የየቤቱን ዘፈን ይዞ መጣ

«መምህርት፣ ልጆቹን ምን አገኛቸው?» ብለው የመዋዕለ ሕፃናታችን ጥበቃ ጋሽ ሞላ ዱላቸውን እንደያዙ ሮጠው ገቡ።

«እየዘፈኑ ነው ጋሼ» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ነገ እዚህ ደባርቅ የወላጆች ቀን አለን። መብራት ስለጠፋብን ልጆቹ የሚያቀርቡትን ያን ሁሉም የሚያውቀውን የካርቱን ፊልም ዘፈን «ቤታችሁ በስልክ እየሰማችሁ አጥኑ» ብያቸው ነበር። ምን ነክቶኝ ነው?

ዛሬ ልምምድ ላይ «ጀምሩ!» ስል ሱመያ አክስቷ ከአረብ አገር የላከችላትን በዐረብኛ ለቀቀችው። የቄሱ ልጅ ያሬድ እንደ ቅዳሴ ዜማ ጎትቶ ጎትቶ አይጨርሰውም። ማርታ ለጭፈራ የተቀናበረውን ይዛ ትዘላለች። ናቲ ደግሞ የሰማው ፒያኖውን ብቻ ስለሆነ ግጥም የለውም፤ በአፉ «ቲን ቲን» ይላል።

«የኔ ነው ትክክሉ» እየተባባሉ መላቀስ ተጀመረ።

በንዴት «ዝም በሉ፣ ዋናውን ላሰማችሁ!» ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ለካ እኔም ስንት ዓመት ዋናው ነው ብዬ የማዳምጠው ሌላ ሰው እንደገና የዘፈነውን ነው!

እንዲህ ያለ ጉድ የገጠማችሁ እንዴት ተወጣችሁት? የናንተ ልጆችስ የትኛውን ነው የሚዘፍኑት?

ወላጆች ግን ይሄን ካነበባችሁ፣ በፈጠራችሁ፣ ነገ አርፍዱልኝ።