በሞቴ ብዬ ያስገባሁት አጥቂ

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ መግቢያ፣ በአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያቁነጠንጠኛል። ባለቤቴ ዘነበች «ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚነክስህ እንጃ» ትለኛለች። የሚነክሰኝን ግን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እሷም አለችበት።

አንኮበር ወረዳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እንግሊዝኛ ስለምሞካክር በእረፍት ቀኔ ወፍ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆችን ገደል ለገደል አዞራለሁ። እኛ ዞር ብለን የማናያትን አንዲት ትንሽ ወፍ ለማየት እነሱ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። ያን ጊዜ የመጡት አንድ አየርላንዳዊ አባትና የሃያ ዓመት ልጃቸው ነበሩ። የልጁ ስም ፊንታን ነው። ውሎ ሳያድር የጎረቤላ ሰው ፈንታው ብሎት አረፈ።

ፈንታው ለወፍ ግድ አልነበረውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያወዛውዝ አይቼ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ኳስ ተጫዋች ነው፣ ያውም አጥቂ። እንግሊዝ አገር በአንድ ትንሽ ክለብ ሲጫወት ጎል አግቢነቱን አይቶ ትልቅ ክለብ ፈልጎታል። ውሉ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱም ከዘጠኝ ቀን በኋላ። እስከዚያ ድረስ ኳስ እንዳይነካ አስጠንቅቀውታል። ይህን ሁሉ በራሱ አፍ ነግሮኛል። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ከገደሉ ስንመለስ ለምሳ ቤቴ ወሰድኳቸው። ልጁ «በቃኝ» ሲል ዘነበች ጨመረችለት። ደግሞ በቃኝ ሲል «በሞቴ» ብላ አጎረሰችው። አባትየው እየሳቁ፣ እዚህ አገር እምቢ ማለት እንደማይቻል አስረዱት። ልጁም በላ። እኛም ደስ አለን።

ከምሳ በኋላ ሜዳው ላይ ግጥሚያ ነበረን፤ እኛ የቢሮ ሠራተኞች ከመምህራን ጋር። እኔ ተከላካይ ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ስሮጥ ሆዴ ይቀድመኛል። ፈረንጁ አጥቂ መሆኑን ሜዳው ሁሉ ሰምቷል፤ ያወራሁት እኔው ነኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መምህራኑ አንድ ሰው ጎድሏቸው ስለነበር ይግባልን አሉ። ለመንኩት። አልችልም አለኝ። ደግሜ ለመንኩት። እግሩን እያሳየ ስለ ምርመራው አስታወሰኝ።

እኔ ግን የማውቀው የእንግዳን እምቢታ ነው፤ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ እሺ የማይባልበትን። ትከሻውን ይዤ «አሥር ደቂቃ ብቻ። በሞቴ» አልኩት።

ዞሮ አባቱን ፈለገ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን በመነጽር ገደሉን ይቃኛሉ። ትንሽ አሰበና ጫማ ተውሶ ገባ።

ኳሷ እግሩ ጋ ደረሰች። ሁለት ጊዜ ነካት፣ ሁለት ሰው አለፈ። አንደኛው እኔ ነኝ። ሕዝቡ በእኔ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያበላሸኝ። ሁለተኛ ሲመጣብኝ ጭቃው ላይ ተንሸራትቼ ገባሁበት። ኳሷን ልነካ ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። የነካሁት ግን ቁርጭምጭሚቱን ነው።

እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ሰው ከበበው። ወጌሻችን ጋሽ ወርቁ ቅቤ አስመጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የእኔንም ክንድ በልጅነቴ ያቃኑ ሰው ናቸው። ልጁ እጃቸውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው «አይዞህ ልጄ፣ አንዴ ነው» እያሉ ተጠጉ፤ ሰዉም እሺ በል፣ እሺ በል ይለዋል። ያኔ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«አሁንስ እምቢ ማለት ይቻላል?»

ሄጄ በመሐላቸው ቆምኩ። ለጋሽ ወርቁ በሕይወቴ እምቢ ብዬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይነካም» አልኳቸው።

ቅቤያቸውን ይዘው፣ ተቀይመውኝ ሄዱ። ኋላ በሽማግሌ ነው የታረቅነው።

መኪና ለምነን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ጭጋጉ ስለወረደ ሹፌሩ መንገዱን በጥሩምባ ይጠይቅ ነበር ማለት ይቻላል። አባትየው እስክንደርስ የልጃቸውን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ራጅ ተነሳ፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ግን ተጎድቷል ተባለ። በዘጠኝ ቀን ይድን እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቅኩት። እሱን እግዜር ያውቃል አለኝ። በማግስቱ ወደ አገራቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ እረፍት የነሳኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ እየወጣሁ ስሙን በትልቁ ክለብ ዝርዝር ውስጥ እፈልጋለሁ። የለም። በሌላው ቅዳሜም የለም። መስከረም ላይ በድሮው ትንሽ ክለብ፣ ከተጠባባቂዎች መጨረሻ ላይ አገኘሁት። ውሉ ቀርቷል ማለት ነው። እዚያው ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጻፍኩለት። ከብዙ ሳምንት በኋላ አጭር መልስ መጣ። ትልቁ ክለብ ሌላ አጥቂ ወስዷል፤ በእግሩ ምክንያት ይሁን በሌላ እሱም አያውቅም። ቀጥሎ «አያቴ ቤትም በቃኝ ማለት አይቻልም። አንተን ግን እምቢ ማለት እችል ነበር። ሜዳውን ሳየው መጫወት አማረኝ» ይላል። ዘነበች ይኸው አጽናናህ አለችኝ። አላጽናናኝም። በእኔ ጥፋት ከሆነ ልወቀው፤ ካልሆነም ልወቀው፤ ያላወቅኩትን ግን የት ላስቀምጠው?

ከዚያ ወዲህ በሞቴ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እንግዳ በቃኝ ካለ ሳህኑን አነሳለሁ። ዘነበች ቤታችንን ልታስወቅስ ነው እያለች ከበስተኋላዬ ትጨምራለች።

ባለፈው ጥር ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ትንሹ ክለብ በዋንጫ ውድድር ከሌላ ትልቅ ክለብ ጋር ይጫወት ነበርና ኳስ ማሳያ ቤት ገባሁ። ቤቱ በሙሉ የትልቁ ደጋፊ ነው። ፈንታው ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ ሲገባ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጎኔ ያለው ልጅ ዘመድህ ነው ወይ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ተከላካይ ተንሸራትቶ ገባበት። ያው እግር። ሳላውቀው ብድግ አልኩ። ከኋላ ተቀመጥ ይሉኛል፣ አልሰማም። የክለቡ ወጌሻ ሻንጣውን ይዞ ሮጠ። ፈንታው ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ዘርግቶ ወጌሻውን ከለከለው። ከዚያ አንድ ጉልበቱን አስቀደመ፣ ቆመ፣ እግሩን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ረገጠና ሮጠ።

እኔም ተቀመጥኩ። በሰላም ተቀመጥኩ ማለት አልችልም፤ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር።