ለአበልጄ የተፈቀደው አራት ዋት

አበልጄ በቴሌቪዥናችን ድምፅ ማጉያ ውስጥ መናገር የጀመሩት ከባድ መኪና መንዳት ባቆሙ በወሩ ገደማ ነው። ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር ነን፤ ልጄንም ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ዜና ከፍቼ ሽንኩርት ስከትፍ የዜና አንባቢዋ ድምፅ ይቆራረጥና፣ «ሀሎ፣ ሀሎ! አይ ፋይቭ ላይ ያላችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» የሚል ጎርናና ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል። ልጄ ከአይፓዱ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ኢን ዘ ቲቪ አጌን» ይለኛል።

አበልጄ ዕድሜያቸውን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሶዶ ከሚባለው የመጋዘን ሰፈር ጭነት ሲያመላልሱ ኖረው፣ ስኳሩ ዓይናቸው ላይ ወጣና ለሾፌሮች የሚደረገውን የሐኪም ምርመራ ወደቁ። መኪናውን ሸጡት። ሬዲዮውን ግን ነቅለው ሳሎን አስገቡት። ሾፌሮች መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚያወሩበት ትንሽ ሬዲዮ ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ የሚከፍተው ሰው ቢያንስም፣ በአማርኛ የሚያወጉበት የእኛ ልጆች ዛሬም አሉ። አበልጄም ከሶፋቸው ሳይነሱ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ድረስ መሰማት ፈለጉ። የሬዲዮውን ሆድ የሚከፍት ሰው ፈልገው አገኙ፤ ሰውየውም አንድ ሽቦ ቆርጦ፣ ሌላ ቀጥሎ፣ አጠገቡ ጉልበት የሚጨምር ሣጥን አስቀምጦ፣ ጣሪያው ላይ ረጅም አንቴና ተክሎላቸው ሄደ። እሳቸው ይህን ሁሉ «ትንሽ አስነካሁት» ይሉታል።

እኔ ደግሞ ሕግ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ በሽታ ነው ይላል። ደንቡን ፈልጌ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር ደግ ሕግ ነው። ለዚህ ሬዲዮ ፈቃድ አውጡ አይልም፤ ማንም ገዝቶ ማውራት ይችላል። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ሬዲዮው እንደተፈቀደ እንዲቆይ፣ በተለመደው አሠራር ከአራት ዋት እንዳያልፍ፣ ጉልበት መጨመሪያም እንዳይቀጠልበት ነው። ከተነካካ የመጠቀም መብቱ ይቀራል፤ የመንግሥት ሰው መጥቶ አሳዩኝ ካለም ማሳየት ግዴታ ነው። አራት ዋት ልጄ ጨለማ ሲፈራ የምናበራለትን ትንሽዬ አምፖል ያህላል። የአበልጄ ከመቶ በላይ ነበር፤ እኛ ማጉያ ውስጥ ዘሎ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ለመንግሥት መጠቆም ይቻል ነበር፤ ግን አበልጅ ይከሰሳል? እናቴ ብትሰማ ስልኬን አታነሳም። ስለዚህ ያገሬን መንገድ ተከትዬ ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር፣ ሁለተኛው ቤት አሻሻጭ ናቸው። በአበልጄ ሳሎን ሬዲዮው ፊት ተቀመጥን። እኔ ደንቡን እየተረጎምኩ አነበብኩ፤ ሁሉም በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ» አሉ ባለታክሲው፣ «ሕጉ አራት ይላል፤ እሳቸው ጋ መቶ ነው። ሁለታችሁም ከያላችሁበት ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ በሉና ሃምሳ ላይ ተገናኙ።»

«ጋሼ፣ የፌደራል ሕግ እኮ ነው! እንዴት ይደራደሩበታል?»

«ታዲያ ሕጉን ያወጡት ተደራድረው አይደል?» አሉ ቤት አሻሻጩ። «ኦኬ፣ አርባ አምስት እናድርገው።»

አበልጄ ከባድ ነገር እንደተፈረደበት ሰው ተነፈሱና ተስማሙ። እኔ ግን ፊቴ አልፈታ አለ። ባለታክሲው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ መንግሥት እዚህ የለም። ስለ መንግሥት አንቺ ይቅር በይ» አሉኝ። ምን ይባላል? በዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ስም ይቅር ብዬ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን፣ ክትፎ በልተን ወጣን። በማግስቱ ድምፁ በማጉያችን በኩል እንደ ልማዱ መጣ፤ ትንሽ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር።

ሕጉም ሽማግሌውም ያልቻሉትን የቻለው አንድ ወጣት ሾፌር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አበልጄ ደስ ብሏቸው፣ «በደንብ ትሰማኛለህ አይደል?» አሉት።

ልጁ ተንኮል የለበትም። «እንዴ ጋሼ! ጆሮ ያደነቁራል እኮ። ሶ፣ ወደ ሰፈራችሁ ስቃረብ ሬንተን ላይ ኦፍ አደርገዋለሁ። ሌሎቹም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት» አለና ሳቀ።

አበልጄም አብረው ሳቁ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ለተዘጋ ሬዲዮ ሲያወሩ ኖረዋል። በማግስቱ ሣጥኑን ነቅለው ጣሉ፤ የተነካካውንም ሬዲዮ ትተው ከሱቅ ያልተከፈተ ባለ አራት ዋት ገዙ። ባለቤታቸው ደግሞ አጋጣሚውን ተጠቅመው ያን የሚጠሉትን አንቴና ከጣሪያ አስወረዱት። አንቴናውን እንኳ ሕጉ አልከለከለም ነበር። አሁን መስኮቱ ላይ የተለጠፈች አጭር አንቴና ብቻ ቀረች፤ ከሰፈራችን እምብዛም አታልፍም።

ቤቴ ጸጥ አለ። የፈለግኩትን አገኘሁ፤ ደስ ግን አላለኝም። አንድ ቀን ዳቦ ይዤ ብገባ፣ አበልጄ መነጋገሪያውን ይዘው «ሀሎ፣ ሀሎ» ይላሉ። የሚመልስ የለም። ትንሽ ቆይተው እንደገና ይላሉ። ሕግ ሲያከብሩ አይቼ አንጀቴ ሲንሰፈሰፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጣቱን ሾፌር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያዝኩት። «አንተ ነህ ዝም ያሰኘሃቸው። ሄደህ ጠይቃቸው» አልኩት።

ደነገጠ። «እሄድ ነበር፤ ግን ከገባሁ ምሳ ሳልበላ ይለቁኛል? ጭነቱ በሰዓቱ ሶዶ መድረስ አለበት።» ውሸቱን አይደለም። የአበልጄ ቤት መግባት እንጂ መውጣት ከባድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሳይቆይ፣ ከሰዓት በኋላ እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሬዲዮው ኮሽ አለ። «ጋሼ፣ ይሰማል? አሁን ታኮማን አለፍኩ።»

ታኮማ ከእኛ ግማሽ ሰዓት ያስነዳል፤ አበልጄ ዘለው ተነሡ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥ ቤት ገባሁና በመስኮቱ አየሁት። ልጁ ግዙፉን የጭነት መኪና ከቤታቸው በታች ባለችው ጠባብ ጎዳና ላይ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከሳሎኑ እንዳይታይ ጥግ አስይዞ ፓርክ አድርጎታል። ከባድ መኪና እዚያ እንዳይቆም የሚከለክለውን ምልክት አውቀዋለሁ። አፌን ዘጋሁ።

«ታኮማ ዝናብ አለ?» አበልጄ ጠየቁ።

«በኃይል ነው ጋሼ! ዋይፐሩ አልቻለውም።»

እኛ ጋ ፀሐይ ወጥቷል። አበልጄ ግን ድሮ ለሥራ እንደሚቀመጡት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ምክራቸውን ለገሱት፤ ፌደራል ዌይ የሚባለው ከተማ ጋ መኪና እንደሚበዛ፣ ርቀት እንዲጠብቅ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳያበዛ። ልጁ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ ይላል። ወደ ሳሎን ስመለስ አበልጄ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ዓይኔን ከዓይናቸው እንዳይገጥም ወደ ምንጣፉ አደረግኩት።

«በል እንግዲህ አላስቆይህ፣ ጭነት ይዘሃል» አሉት። መነጋገሪያውን ሊያስቀምጡት ብለው ትንሽ አሰቡና እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ስትዞር ደግሞ ቀስ በል። ያቺ መንገድ ጠባብ ናት፤ የጎረቤቶቼን የፖስታ ሣጥን እንዳትገጭብኝ።»