ይታያል ወይስ ይተዋል

ኅዳር 19 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። በአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቴሌቪዥን ጀርባው ተከፍቶ በፊቱ ተደፍቷል። መስታወቱ እንዳይጫር ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ብሎኖቹ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ውስጥ ናቸው፤ ካቻቢቴው ከኩባያው ጎን ተጋድሟል። የቀረው ከሌላ ከተማ የታዘዘውን ዕቃ መግጠምና ብሎኖቹን መመለስ ብቻ ነበር። አባቴ በዚያን ቀን ጠዋት ወደ ሱቁ ለመሄድ ጫማውን እያሰረ ሞተ።

እኔ መዛግብት ጠባቂ ነኝ፤ የተማርኩትም ይኸንኑ ነው። ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ነገር እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ስሕተቱን ማረም ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት ሰው፣ ሰፈሩ «ዳኛው» ያለው የተጣላ እያስታረቀ ስለኖረ ነው አሉ። አይደለም። አባቴ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ካየ በሌላ መንገድ ዞሮ የሚሄድ ሰው ነበር። ዳኛ ያሰኘው የቴሌቪዥን ጥገና ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። የጠገነውን ቴሌቪዥን አንድ ሙሉ የድራማ ክፍል እስከ መጨረሻው ሳያሳየው ለባለቤቱ አይመልስም። «የታመመ ቴሌቪዥን እንደ እንግዳ ነው» ይል ነበር፤ «የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጨዋ ነው። ጠባዩ የሚወጣው ሲሞቀው ነው።» ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ድራማ ይታያል። ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ ካላለቀ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ አብሮ ያያል፤ ሲያይ ይጠይቃል፦

«ዳኛው፣ ይቺስ እንዴት ናት? ልቀጥላት ወይስ ጊዜዬን ነው የማቃጥለው?»

አባቴ ከሁለት ቃል አንዱን ይመልሳል፤ «ይታያል» ወይም «ይተዋል»።

አንድም ተከታታይ ድራማ ከዳር እስከ ዳር አይቶ አያውቅም። የሚያየው ቁርጥራጭ ነው፤ የዛሬውን በአንድ ሰው ቴሌቪዥን፣ የዛሬ ወሩን በሌላው። ግን መመዘኛው ጽኑ ነበር። አንድ ሰው ከበር ኋላ ቆሞ ምስጢር ካዳመጠ አንዴ ምሕረት ያደርጋል፤ ሁለተኛ ከተደገመ ይተዋል። ስልክ ሲጠራ ካሜራው የሁሉንም ሰው ፊት እየዞረ ካሳየ ይተዋል። ሰዎቹ ሀብታም ሆነው ምን ሠርተው እንደሚበሉ ካልታወቀ ይተዋል። በጣም የሚወደው ሰዎች ሥራ እየሠሩ ሲነጋገሩ ነበር። «ሳህን እያጠበች ታወራለች እንበል» ይላል፤ «ወሬው ሲያልቅ ሳህኑም ታጥቦ ካለቀ፣ የጻፈው ሰው ቤት አለው ማለት ነው። ይታያል።»

ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው በዚያ ሱቅ ጥግ፣ በባዶ የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ነበር። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የሞቀ አቧራና የተበየደ ሽቦ ይሸታል፤ ይኸን ሽታ አሁንም የድሮ ማኅደር ክፍል ስገባ አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ፤ ቆም ብዬም አሸተዋለሁ። የቤታችን ቴሌቪዥን ግን በሰፈሩ ውስጥ የመጨረሻው ነበር። ድምፁ በየመሀሉ ይጠፋል፤ በግራ ጎኑ ካልተመታ አይመለስም። እናቴ፣ «የሰው ሁሉ ሐኪም፣ የቤቱን በሽተኛ ረሳው» ስትል አባቴ፣ «ረስቼው አይደለም፤ ለምዶናል» ይላታል።

ከተሟጋቾቹ ሁሉ ዋናዎቹ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ከሆስፒታል ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» የሚላቸው፣ እና የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት ባለቤታቸው። ሾፌሩ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠው አንዲት ድራማ ይከታተላሉ። ሰፈሩ «ፈላጊዋ» ይላታል፤ ትንሽ ሆና የተለያትን አባቷን ፍለጋ ከከተማ ከተማ የምትዞር ልጅ ታሪክ ናት። አባቴ ገና በጠዋቱ ፈርዶባታል።

«ይተዋል አልኩ እኮ!»

«ለምን ይተዋል?» ይላሉ ሾፌሩ፣ በሩ ላይ እንደ ቆሙ። «ልጅቷ ታገኘዋለች። እኔ መንገድ አውቃለሁ። እንዲህ የሚፈልግ ሰው ያገኛል።»

«አታገኘውም! ካገኘችው ድራማው ያልቃል፤ ድራማው ካለቀ የሳሙናው ማስታወቂያ የት ይገባል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽቦ ስትነካካ ልብህም ሽቦ ሆነ።»

«አንተስ? ስንት ዓመት ስትነዳ የሷን አባት አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አላየኸውም?»

ሲስተር ይስቃሉ። «ሁለታችሁም ዝም በሉ፤ አልሰማ አልኩ!»

ሾፌሩ የፈላጊዋን መጨረሻ ሳያዩ ሞቱ። ሕመማቸው ከጠና በኋላ ሲስተር አልጋቸው አጠገብ ሆነው ያሳዩዋቸው ነበር፤ እንቅልፍ የወሰዳቸውን ክፍል ደግሞ ሲነቁ በቃል ይነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ሲስተር ብቻቸውን ቀጠሉ። ድራማዋ እየተንዛዛች ሄደች፤ ሰፈሩ አንድ በአንድ ተዋት። አንድ ደንበኛ አባቴን፣ «ፈላጊዋስ? ያው ይተዋል ነው አይደል?» ብሎ ሲጠይቀው ሰምቻለሁ። አባቴ ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈላጊዋ ክፉ ሲናገር የሰማው የለም።

ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ሰኞ ምሽት እንደሚታይ ተነገረ። በዋዜማው ሳምንት የሲስተር ቴሌቪዥን ጠፋ። ሥዕል የለ፣ ድምፅ የለ። አባቴ ከፍቶ አየውና ዕቃውን አዘዘ። ሲስተር ሱቁ መጥተው የተናገሩትን እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል፦

«እንደ ሌላ ጊዜ አይደለም፣ ዳኛው። ልጅቷ አገኘችው አላገኘችው ለኔ ምንም አይደለም። ባለቤቴ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም፣ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ሰኞ ታያለሽ» አላቸው።

ዕቃው አርብ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ጎረቤት ሄደው እንዲያዩ እናቴ ብትለምናቸው ሲስተር እምቢ አሉ፤ ሰው ፊት የሚታይ ነገር አይደለም አሉ። እናቴም አልተጫነቻቸውም።

ከቀብሩ በኋላ ሐሙስ ዕለት፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ሲስተር እኔ ጋ መጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለአባቴ ሊነግሩት ያሰቡትን ለእኔ ነገሩኝ።

«አገኘችው፣ ልጄ። በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሳህን ሲያጥብ። አልተቃቀፉም፤ አልተላቀሱም። ፎጣ አነሳችና ከጎኑ ቆማ ማድረቅ ጀመረች። እሱም ማጠቡን አላቆመም። ስለ መንገዱ ጠየቃት፤ ስለ መንገዱ ነገረችው። በቃ።»

«ታዲያ ጋሼ ልክ ነበሩ» አልኳቸው ስለ ባለቤታቸው።

«ልክ ነበር!» ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ግን ገንዳው ውስጥ ሁለት ሳህን ሳይታጠብ ነው ያለቀው። በደንብ አይቻለሁ። አባትሽ ምን ይል ነበር?» አሉኝ።

አላውቅም። በማስረጃ ያልተደገፈ ነገር አልጽፍም። ይግባኙ ሳይወሰን ቀርቷል።

የመጨረሻውን ሥራውን የምጽፈው ከእናቴና ከሲስተር ቃል ነው። በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ እናቴ የተሸከመውን ቴሌቪዥን በአንሶላ ጠቅልሎት ነው ትላለች፣ ሲስተር ደግሞ በፎጣ ይላሉ። በቀረው ይስማማሉ።

ሰኞ ዕለት ዕቃው በአውቶቡስ እንዳልመጣ ሲያውቅ አባቴ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ ቤት ገባና የቤታችንን ቴሌቪዥን ከግድግዳው ይነቅል ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች እናቴ።

«ሲስተር ጋ ይደር።»

«የእኔስ ድራማ?»

«የአንቺ ይተዋል ካልኩሽ ከረምኩ።»

እናቴ ሰደበችው፤ ሰድባውም ሽቦው እንዳይጎተት ከኋላ ከኋላው ይዛለት ሄደች። አባቴ በየአጥሩ ጥግ እያሳረፈ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ ደረሰ። ሲስተር በሩን ሲከፍቱ ቴሌቪዥኑ ፊቱን ሸፍኖት ነበርና መጀመሪያ ያወቁት ጫማውን አይተው ነው።

በሾፌሩ ወንበር ትይዩ አቆመላቸው። ሽቦውን ሰካ፤ ጣቢያውን ፈለገ። የሳሙናው ማስታወቂያ መጣ።

«ድምፁ ከጠፋ እዚህ ጋ ነው» አለ፤ የሲስተርን እጅ ይዞ በግራ ጎኑ ላይ አሳረፈው። «ከላይ ወደ ታች። ሳትቆጪ ነው የምትመቺው፤ ቁጣ አይወድም።»

«ቁጭ በል እንጂ። አብረን እንየው።»

«እኔ? ይተዋል ያልኩትን ቁጭ ብዬ ሳይ ሰው ቢያገኘኝ ማን ያምነኛል? ነገ ሱቅ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ማስታወቂያው መሀል ላይ ድምፁ ጠፋ። ሲስተር መቱት። ተመለሰ።

«ጎበዝ» አለ አባቴ። መጠቅለያውን አጥፎ በብብቱ ያዘና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላቸው።